የኢየሩሳሌም ሽንኩርት በተልባ

በሕይወቴ «አላውቅም» ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም እደርስበታለሁ፤ አትቸኩሉ። ከዚያች ቀን በፊትም ሆነ በኋላ፣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ቢጠይቀኝ መልሻለሁ፤ የላሚቱ ጡት ለምን እንዳበጠ ቢጠይቀኝ መልሻለሁ፤ ስለማላውቀው ነገር ሲሆን ደግሞ ከማውቀው ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት። በጃንሆይ ጊዜ ሰቆጣ ላይ የሳይንስ መምህር ነበርኩ፤ ያውም ብቸኛው። ብቸኛ መሆን ሰውን እንዴት እንደሚያሳብጥ የደረሰበት ያውቀዋል። የሚያርመኝ አልነበረማ።

የማወራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ አንድ አበባ ነው። ስለ እኔም ትንሽ አለበት፤ ልለየው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከከተማችን ደብሮች በአንደኛው ግቢ፣ ከአንድ መቃብር ራስጌ፣ በየዓመቱ በጽጌ ወራት የሚፈነዳ ነጭ አበባ ነበር። አፉ እንደ መለከት የተከፈተ፣ ሽታው ከቅጥሩ አልፎ መንገደኛ የሚያስቆም። መጽሐፍ የተማሩት ጽጌ ደንጎላት ይሉታል፤ ፈረንጅ ሊሊ ይለዋል። የሰቆጣ ሰው ግን ከመሬት በታች ያለችውን ራሱን አየና ሽንኩርት መስላ ስላገኛት «የኢየሩሳሌም ሽንኩርት» ብሎ ተገላገለ። ኢየሩሳሌም መባሉ ያለ ነገር አይደለም። የደብሩን ቁልፍና ንብረት የሚጠብቁት ካህን ቄስ ገበዝ ታረቀ ይባላሉ። እናታቸው በስተርጅና መንኩሰው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ሌላው ተሳላሚ ሻማና መስቀል ሲያመጣ፣ እሳቸው መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ያመጡት ያቺን አንዲት ራስ ነበር። ተከሏት፤ በቀለች። እማሆይ ሲያርፉ ልጃቸው ከነአፈሯ አንሥተው መቃብራቸው ራስጌ አዛወሯት።

በዓመታት ውስጥ ተባዝታ አንድ መደብ ሞልታ ነበር። ከዚያ ጃርት መጣች። ጃርት ሽንኩርት ካገኘች የኢየሩሳሌም ይሁን የቆቦ አትጠይቅም፤ ሥር ሥሩን እየማሰች ጨረሰችው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን በግቢው ሳልፍ ቄስ ገበዝ ከመቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከጃርት የተረፈችውን አንዲት ራስ በነጠላቸው ጫፍ አፈሯን ሲጠርጉላት አገኘኋቸው። ወትሮ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ከቅኔ ማኅሌት ገበያ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ትንሽ ሆነው ታዩኝ።

«ከእናቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር? «በእንስራ ገል ይትከሏትና ዙሪያዋን በእሾህ ይጠሩላት» ይል ነበር። እኔ ግን አንጀቴን በሉት፤ አንጀቴ ሲበላ ደግሞ አፌ ይከፈታል።

«ቄስ ገበዝ፣ ከዚች አንዷ መቶ አደርግልዎታለሁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና መቶ ማለቴን ደግመው ጠየቁ። መቶ፣ ቢያንስ፣ አልኩ። ያቺን «ቢያንስ» ማን ጨምር አለኝ? እስከ ዛሬ እሷ ናት የምትቆጨኝ።

እንዲያው ከመሬት ተነሥቼ አልነበረም። አንድ ክረምት ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ፣ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ቲሹ ካልቸር የሚባል ነገር አሳይቶን ነበር። ከተክሉ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትወስዳለህ፤ ጠርሙስ ውስጥ ረጋ ያለ ጣፋጭ ምግብ ታዘጋጅላታለህ፤ ከጀርም ትጠብቃታለህ፤ ቁራጯ ራሷን ችላ ሙሉ ተክል ትሆናለች። ሊሊ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ናት ብሎናል፤ ራሷ በቅርፊት በቅርፊት የተደራረበች ስለሆነች እያንዳንዱ ቅርፊት የራሱን ልጆች ያወጣል። እኔ የተቀመጥኩት ከኋላ ነበር። ከፊቴ አንድ ረጅም የጎጃም መምህር ተገትሮ ስለነበር ግማሹን ትምህርት ያየሁት በጆሮዬ ነው። ቢሆንም ገብቶኛል። እኔ የማይገባኝ ነገር የለም።

ቄስ ገበዝ ራሷን ሳሟትና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ለሚመጣው ጽጌ ትደርሳለች ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እንዴታ አልኩ።

ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት ነው ምንም ዕቃ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ፈረንጁ የሠራበት ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ የመስታወት ዕቃ ነበር። ትምህርት ቤታችን እንደዚያ ያለ አንድ ዕቃ አለው፤ እሱም ተሰንጥቆ የዳይሬክተሩ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። ሳስብ፣ ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ቀን እጄን አየሁት። የያዝኩት ብርሌ ነው። ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ቀጭን። አባቶቻችን ላቦራቶሪውን ሠርተው ጨርሰው ጠጅ እየጠጡበት ኖሯል።

የት ሆኜ እንዳሰብኩት ገብቷችኋል። የአንጓች ጠጅ ቤት ነው። አንጓች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ብቻዋን የያዘች፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነ ሴት ነበረች። ቤቷ ከደብሩ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱ ብቻ ይለያቸዋል። ቄስ ገበዝ ያንን ቤት እንደ ጠላት ምሽግ ነበር የሚያዩት። እሳቸው ማኅሌት ሲቆሙ ከወዲያ ማሲንቆ ይመጣል። በደጇ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ስብከታቸውም የት ቢጀምር እዚያ ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ደጃፏን ረግጠው አያውቁም።

ብርሌ አውሺኝ፣ ቲሹ ካልቸር ልሠራ ነው ስላት «ኧረ የምትሻውን በአማርኛ ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ዓቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ ጠጁ ይቀዘቅዛል፤ ብርሌው ሥራ ይፈታል። ለቅዳሜ ሹር አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይሰበር እንድመልስ አስማለችኝ። ማልኩ። አንድ ጠርሙስ አረቄም ያዝኩ፤ እጅ ማጠቢያ ነው ብዬ እውነቱን ብነግራት እስክትታመም ሳቀች።

ቀጥሎ ያ የረጋ ምግብ መጣ። ፈረንጁ ከባሕር ሣር የተሠራ ዱቄት ነው የተጠቀመው። ሰቆጣ ላይ ባሕር የለም። እኔ ግን ተልባ አለኝ። ተልባ ስትቀቅሉት የሚወጣው ዝልግልግ በጨርቅ ሲጠለልና ሲበርድ ከባሕር ሣሩ ምን ያንሰዋል? ለስኳሩ የዋግን ነጭ ማር ጨመርኩበት። ከትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ለተክል የሚሆን ጨው ቆንጠር አደረግኩ። የብርሌዎቹን አፍ በባዘቶ ወተፍኩና በግማሽ በርሜል ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ፣ በእንፋሎት ቀቀልኳቸው። የዕለቱ ዕለት ቀምሼው ነበር። ይጣፍጣል። እዚህ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ አልነቃሁም።

የቆረጣው ቀን እንደ ቄስ ነጭ ለብሼ፣ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ እጄን በአረቄ እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ምላጩን በሻማ አግዬ የእማሆይን አበባ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ገነጠልኩት። እያንዳንዷን ቁራጭ በሽቦ ይዤ በብርሌው አንገት ቁልቁል ለቀቅኳት፤ ተልባው ላይ ጠብ ብላ ቁጭ አለች። ልቤ ሞላ። እንዴት እንደሚገባ እንጂ እንዴት እንደሚወጣ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ተመራማሪ ሁሉን በአንድ ቀን አያስብም።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። በዓቢይ ጾም፣ በጠዋት፣ አረቄ አረቄ እየሸተትኩ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። መምህሩ በጾም፣ በር ዘግቶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በብርሌ ብቻውን ይጠጣል ተባለ። ለማስተባበል ብርሌዎቹን በመስኮት አሳየኋቸው። ይባስ ብሎ ሥር ማሽ ነው ተባልኩ። በብርሌ ውስጥ ሥር ነክሮ፣ ነጭ ለብሶ፣ አትንኩብኝ የሚል ሰው ታዲያ ምን ሊባል ኖሯል? መድኃኒት ፈላጊው ይመጣ ጀመር። አንዲት ሴት ከእኛው ከዋግ ዝቋላ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ባሌ ከቤት ኮብልሏልና የሚመልስ ነገር ስጠኝ ብላ ደጄ ላይ ተቀመጠች። የአበባ ነገር ነው ብላት አታምነኝም። በመጨረሻ የማውቀውን ነገርኳት፦ ንጽሕና፣ ብርሃን፣ ደግሞ በየሰዓቱ አለመነካካት። መርቃኝ ሄደች። ከሁለት ገበያ በኋላ አንድ ወጠጤ ፍየል ላከችልኝ፤ ባልየው ተመልሷል። በጾም ፍየል ምን አደርገዋለሁ? እስከ ፋሲካ ደጄ ላይ ታስሮ ሲጮህ ሰነበተ፤ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ሥር ማሽነቴን የሚለፍፍልኝ እሱ ሆነ።

በዚህ መሀል ብርሌዎቹ ጢም ያበቅሉ ጀመር። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፤ ነጭ ሻጋታ፣ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ጥቁር ሻጋታ። ጠዋት ጠዋት የሸተተውን አውጥቼ ስደፋ ትንሽ ትንሽ ከእኔም የሚቀነስ መሰለኝ። መቶ ያልኩት ወደ ሃምሳ፣ ሃምሳውም ወደ ጥቂት ወረደ። ሻጋታ ያልነካቸው አራት ብርሌዎች ብቻ ቀሩ። እነሱን መስኮቱ ላይ ደርድሬ፣ አጠገባቸው ስደርስ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት አየኋቸው። ከቁራጯ ሥር ሽንብራ ሽንብራ የሚያካክሉ ነጫጭ ራሶች ወጥተዋል፤ ከራሶቹም አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሏል። በአራቱም! እናንተዬ፣ ጨፈርኩ። ለፍየሉ ነገርኩት። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወደ ደብሩ ሮጥኩና ቄስ ገበዝን ለቅዳሴ ሲገቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ደረስኩባቸው። አበባው በቀለ ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን በዓይናቸው አይተው እንዲደነቁ ፈለግኩ። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኳቸው፦

«ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ይምጡ። ብዘገይ በሩ ክፍት ነው። መስኮቱ ላይ በብርሌ ያለው የእርስዎ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው ያቆየሁት።»

ዘገየሁ። ዳይሬክተሩ ድንገት ስብሰባ ጠራ። የስብሰባው ርዕስ መምህራን በጾም ወቅት ሊያሳዩት ስለሚገባው ጨዋነት ነበር፤ ስም አልተጠራም፤ ሁሉም ግን የሚያዩት እኔን ነው። እኔም ዝም ብዬ አልወጣሁም፤ ስለ ጨዋነት ከሁሉም ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ቤቴ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

ቄስ ገበዝ መደቤ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን በነጠላ ይጠርጋሉ። አራቱ ብርሌዎች ከፊታቸው በሥርዓት ተደርድረዋል። ባዘቷቸው ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ተልባው የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር በጾም ወራት ቀድሶ ለወጣ ካህን ተልባ በማር ከማቅረብ የበለጠ አክብሮት የለም። በባዶ ሆዱ ውሎ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ነው፤ ተልባ ያለሰልሰዋል፤ ማር ያቆመዋል። «የእርስዎ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ ነው ያቆየሁት» ማለት ደግሞ እንግዳ ሲጋበዝ የሚባል ነው፤ ለአበባ የሚባል አይደለም። ይህን የማላውቅ የውጭ ሰው ብሆን ይቅር እባል ነበር። እኔ ግን የዚያው አገር ልጅ ነኝ።

ቄስ ገበዝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ረጅም ምርቃት ጀመሩ። በምርቃቱ መሀል ነገሩን ዘረዘሩልኝ። ብርሌውን ሲያዩ ጠጅ መስሏቸው ደንግጠው ነበር፤ ሲያሸቱት ተልባ ሆነ። ቅጠሏን ሲያዩ ጤና አዳም ጨምሮበታል ብለው ደስ አላቸው። አንዱ በቂ ነበር፤ ግን ለእርስዎ ብዬ ነው ተብሎ የተቀመጠን መተው ነውር ስለሆነ ለእኔ ክብር ብለው አራቱንም ጨረሱት። አፋቸው ውስጥ የገባውን ሥራ ሥርም ዋጡት፤ ቀድሶ የወጣ ካህን ምራቁን እንኳ አይተፋም።

«ነጭ ሽንኩርቱ ግን ብርሌው አንገት ላይ ተቀርቅሮ እንቢ አለኝ፤ እሱን ተወት አድርጌዋለሁ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ፈገግ አሉ። «በል እንግዲህ ልጄ፣ አሁን አበባዬን አሳየኝ።»

አፌ እንደ ልማዱ ቀጠለ። አበባው አሁን ለማየት አይመችም፤ ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ ነው ያለው አልኳቸው። ቄስ ገበዝ አዩኝ። ከዚያ ብርሌዎቹን አዩ። ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ፣ ብለው ለራሳቸው ደገሙትና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። የሄዱት ቀስ ብለው ነው።

እንደ ወጡ ብርሌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣሁ። ለካ ሁሉም አላለቀም! ያ ተቀርቅሮ እንቢ ያለው «ነጭ ሽንኩርት» ሊሊዎቹ ናቸው። ተልባው ሄዷል፤ ቅጠላቸው ተጎነታትሏል፤ ራሶቹ ግን በየብርሌው ሆድ ውስጥ ራቁታቸውን ተቀምጠዋል። በሽቦ ብጎትት አይወጡም፤ ብገለብጥ አይወጡም። ያለኝ ምርጫ ብርሌውን መስበር ነው፤ ለአንጓች ደግሞ ምያለሁ። መሐላዬን ላፈርስ ቆረጥኩ። ነገ ከትምህርት ቤት መልስ አዲስ ተልባ አፈላና እሰብራቸዋለሁ ብዬ ብርሌዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ተኛሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ባዶ ነው። ፍየሉ ብቻ ነው ያለው። አንጓች ለፋሲካ ጠጅ ቀድሞ ያዘዛት በዝቶ፣ ብርሌዋን ልትሰበስብ በእንቅብ ይዛ መጥታ፣ በሩን ክፍት አግኝታ ጠራርጋ ወስዳለች። በሩን ለምን አልቆለፍክም አትበሉኝ፤ በዚያ ሰሞን ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። እግሬ አውጪኝ ብዬ ስደርስ አንጓች ጓሮዋ ቆማ የመጨረሻውን ብርሌ በጠጠርና በውሃ እያንቋቋች ነው። አንቋቋችው፣ አንቋቋችውና ወደ ጓሮው ጭቃ ቀልብሳ ደፋችው። በጠጠር የተደበደበ ነገር የማይወጣበት ብርሌ የለም፤ ይህንንም ያን ዕለት ተማርኩ።

«ምን አጣብቀህ ነው ያመጣህብኝ መምህሬ፣ ክንዴ ወለቀ!» አለችኝ።

ጓሮው የጠጅ ቤቱ እጣቢ ሁሉ የሚደፋበት፣ አምቡላው ከጭቃው የተላቆጠ ረግረግ ነው። ተንበርክኬ በእጄ አመስኩት። አጥር ጥግ የቆሙ ሰዎች ያዩኛል፤ መምህሩ አሁንስ አምቡላ መቆፈር ጀመረ መባሉ አይቀርም። ይባል። ያገኘሁት ጠጠር ብቻ ነው። አንጓች ጉዳዩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ የእማሆይ መሆኑን ስትሰማ ግን ሳቋን ዋጠችና አብራኝ ተንበረከከች። መሽቶ እስኪያለያየን ፈለግን።

ከፋሲካ በኋላ ለቄስ ገበዝ አበባው አልሆነም አልኳቸው። ፈቃዱ ነው አሉ። የሚመጣው ጽጌ ደረሰ፤ መቃብሩ ራስጌ ባዶ አፈር ነበር። ሌላው ሕዝብ አደይ አበባ ይዞ ሲገባ ቄስ ገበዝ በዚያ ባዶ አፈር አጠገብ ቆመው ሲጸልዩ ከሩቅ አየሁ። አፈርኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲያፍር ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ በሌላኛው በር ወጣሁና ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በከተማው የሚያገናኘንን መንገድ ሁሉ በሌላ መንገድ እዞር ጀመር።

ሌላ ዓመት መጣ፤ ክረምቱም ወጣ። ጥቅምት ገና እንደ ባተ አንጓች ሰው ልካ በአስቸኳይ አስጠራችኝ። በቤቱ በኩል አሳልፋ ጓሮዋ ወሰደችኝ። ከአምቡላው ረግረግ ዳር፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳይኮተኩተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ነጭ። አፋቸው እንደ መለከት። ሽታቸው የአምቡላውን ሽታ አሸንፎታል። ያለፈው ክረምት ቅጠሉ ብቅ ሲል አንጓች ሽንኩርት መስሏት ወጥ ልትሠራበት ቀንጠስ አድርጋ ቀምሳው ኖሯል፤ ሲመራት ተወችው። ጃርትም አልደረሰችበትም፤ ያንን የሰካራም ጫጫታ ሰምታ የምትጠጋ ጃርት በዋግ የለችም።

ዛሬ የተማሩ ልጆች፣ ድሮውንም ቅርፊቱን አፈር ውስጥ ብትሰካው ይበቅል ነበር ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ግን የምቆጥረው እንዲህ ነው፦ በተልባና በማር ያደገ፣ ከብርሌ የወጣ ሊሊ ሰቆጣ ላይ አብቧል። ቲሹ ካልቸሩ ሠርቷል። ከመቶ ትንሽ ጎደለ እንጂ ሠርቷል።

ወደ ደብሩ እየሮጥኩ ነው የተሻገርኩት። ቄስ ገበዝን አበባዎ ተገኘ ስላቸው የት ነው አሉኝ። በእጄ መንገዱን አሻግሬ አሳየኋቸው። ያንን በር አዩት። በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳይስቡ መንገዱን ተሻገሩ።

ወደ ጓሮው መግቢያው በቤቱ መሀል ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ቄስ ገበዝ ደፉን ሲረግጡ ማሲንቆው ተቋረጠ። ጠጪው ሁሉ ብድግ አለና ብርሌውን ከጀርባው ደበቀ። ከየወንበሩ እየመጡ መስቀል ተሳለሙ፤ አንዳንዱ ትንፋሹን ይዞ ነው የሳመው። እሳቸው ማንንም ሳይገሥጹ፣ አንዱንም ሳይዘልሉ አሳለሙና ወደ ጓሮው ወጡ።

አበቦቹ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እጃቸውን ዘርግተው የአንዷን ቅጠል ነኩ፤ በነጠላቸው ጫፍ የተረጨውን ጭቃ ጠረጉላት፣ ያኔ እንዳደረጉት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ የእኔም እንደዚያው። አንጓች ከኋላ ሆና እጇን በነጠላዋ ጥለት እያደረቀች ቆማለች፤ እንደዚያ ቀን ለስላሳ ሆና አላየኋትም።

«አባቴ፣ የእርስዎ ነው» አለቻቸው።

ቄስ ገበዝ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ይሄኛው የሚታይ ነው ወይስ የሚጠጣ?»

ለካ ያን ዕለት ገብቷቸዋል። ያኔውኑ፣ ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ ስላቸው። ይህን ያህል ጊዜ የእናታቸውን አበባ መጠጣታቸውን እያወቁ፣ እኔን ላለማሳፈር ዝም ብለዋል። አንጓች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጠጪዎቹ በበሩ አንገታቸውን አስግገው መልሴን ይጠብቃሉ። አፌን ከፈትኩ። ረጅም መልስ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንደ ወትሮው። አልመጣም።

«አላውቅም» አልኩ።

ቄስ ገበዝ ሳቁ። ያንን ቅኔ ማኅሌት የሚሞላ ድምፃቸውን ለቀው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። ቅጠሉ ሲደርቅ ከራሶቹ እኩሌታውን ወደ መቃብሩ እንደሚወስዱ፣ እኩሌታው ግን እዚሁ እንዲቀር ነገሯት፤ እናቴ ብትኖር አንጓችን አትነፍጋትም አሉ። አንጓች በርጩማ አምጥታ አበቦቹ ፊት አስቀመጠቻቸው። እሳቸውም ተቀመጡ። ውሃ ጥም እንደያዛቸው አይታ ማር በውሃ በጥብጣ፣ ብርዝ፣ በንጹሕ ብርሌ አቀረበችላቸው።

ቄስ ገበዝ ብርሌውን ተቀበሉ። አሸተቱት። ከዚያ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ውስጡን በደንብ ተመለከቱ። ምንም ያልበቀለበት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጠጡ።